አለቃው ለቅሶ የመጡ ዕለት

የባለቤቴ የአሰግድ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። እስከ ማታ እህል በአፌ አልዞረም። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጥታ ልታጎርሰኝ ስትጠቀልል፣ ለቅሶ የመጡት የባለቤቴ አለቃ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ አንቺ! መጀመሪያ ማስተዛዘን ምን እንደሆነ እንረዳ። በእንግሊዝኛ ሲምፓቲ አለ፣ ኢምፓቲ አለ። ድምፃቸው ይመሳሰላል እንጂ ትርጉማቸው ለየቅል ነው። ሲምፓቲ ዳር ሆኖ ማዘን ነው። ኢምፓቲ ግን ሐዘንተኛው ልብ ውስጥ ገብቶ አብሮ መታመም ነው።»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አለቃው ልዩነቱን ደግመው ደጋግመው አስረዱ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

«እስቲ አንቺ፣ ጉርሻ ይዘሽ የቆምሽው፣ ያንቺ የትኛው ነው?»



«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ» አለች። «እህል ያልቀመሰች ሐዘንተኛ አለች ሲሉኝ ያለኝን ይዤ መጣሁ። እርስዎ ሁለቱንም እያወቁ ምነው ባዶ እጅዎን መጡ?»

ይህን ብላ አጎረሰችኝ። እኔም ዋጥሁ። አሰግድ ይህን ሳይሰማ መቅረቱ ይቆጨኛል። ያነበባችሁ ሁሉ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።