በር ላይ የቀረው ሰውዬ

ይቺን ስሙኝማ፤ ሳቁን የጨመርኩባት እኔ ነኝ እንጂ ነገሩስ ሆኗል።

አንዲት ጎመን ሻጭ ጃፓንኛ ልማር ብላ ተመዘገበች። ትምህርት ቤቱ ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ የተከፈሉ የንባብ መጻሕፍት አሉት። እሷ ከአንደኛው ደረጃ ጀመረች፤ የአንዲት ድመት ታሪክ ነው፣ እንደ ቂጣ የሳሳ። የድመቷን ታሪክ አንዱን ክፍል ስትጨርስ ቀጣዩን ትወስዳለች።

አብረዋት የሚማሩት አቶ ሽመክት ግን ትልቅ ሹም ናቸውና "ከአምስተኛ ደረጃ በታች አልነካም!" ብለው ጡብ የሚያህለውን ያዙ። መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ይውላሉ።

ጥር ላይ ተማሪ በዛና ወንበር ጠፋ። አቶ ሽመክት ተነስተው "ይቺ ሴትዮ የሕፃን መጽሐፍ ይዛ ቦታ ታጣብባለች! ወይ ይሄን የእኔን ታንብብ፣ ወይ ትውጣ!" አሉ።

"እሺ ጌታዬ፣ የመጽሐፍዎ ሰውዬ ምን ላይ ደረሰ?" አለቻቸው።

"በር ላይ ቆሞ ጫማውን እያወለቀ ነው። ጃፓኖች በጫማ ቤት አይገቡም፣ ታውቂያለሽ?"

"መስከረም ላይ ስጠይቅዎም እያወለቀ ነበር። የእኔ ድመት እስካሁን ሦስቴ ወልዳ፣ ልጆቿን ድራ፣ አያት ሆናለች። እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ሰውየውን ቤት ያስገቡት፤ ያን ጊዜ እኔ እወጣለሁ።"

ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣችም።