የፍልፈል ልጅ ሥራ

ተረት ልጀምር፤ ላሟ በረት ገብታለች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድርቅ ዘመን፣ ሥራ ያልያዘ ከጉድጓዱ ውሃ አይቀዳም ተባለ። አለቃው ዝንጀሮ የፍልፈልን ልጅ ቋጥኝ ላይ ዘብ አቆመው። ልጁ ግን ፀሐዩ ዓይኑን ሲወጋው እንቅልፍ ጣለው።

"እመት ፍልፈል፣ ልጅሽ ሰነፍ ነው፤ ነገ ከሰፈራችን ይዘሽው ውጪ" አላት ዝንጀሮ።

አጠገባቸው የነበረችው አሮጊት ኤሊ ልጁን፣ "ማንም ሳያዝህ ምን ትሠራለህ?" አለችው።

"እቆፍራለሁ፣ እማማ። እርጥብ አፈር ከሸተተኝ መመለስ ያቅተኛል።"

ዝንጀሮ ሳቀ። "ቁፋሮም ሥራ ሆኖ። ዘብነት እኮ ክብር ነው።"

"እንግዲያው ክብሩን አንተ ጠብቀው" አለች ኤሊ። "አንተ ልጅ፣ ውረድና ቆፍር።"

በማግስቱ ልጁ አፍንጫው ጭቃ ሆኖ ወጣ፤ ከኋላው ውሃ ፈለቀ። ዝንጀሮም ቅሉን ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ተረቴን እኔ ጨረስኩ፤ ዳቦውን እናንተ አምጡ።