የእመት አህያ ሙግት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ልኩን ባለፈበት ዓመት፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ መሃል አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር። «ኧረ ይደፈን!» ተብሎ ስንቴ ተለመነ! የጫካው ገዢም ዳኛም አንበሳ ነውና «ይታሰብበታል» ይላል። እንዲህ እንደተባለ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ።

አንድ ማለዳ እመት አህያ እህል ተጭና ስትሄድ ጎርፉ ጉድጓዱን ሞልቶ መንገድ አስመስሎታል። እግሯ ገባ፣ አዳለጣት፣ ከነጭነቷ አጠገቧ ትሄድ በነበረችው ጎረቤቷ በእትዬ በግ ላይ ወደቀች። የበግ እግር ተሰበረ።

«ወይኔ እህቴ! ገደልኩሽ?»

«አልሞትኩም፣ እግሬ ነው። ደግሞ አንቺ ምን አደረግሽ? መንገዱ ነው እንጂ!»

ይህን ጊዜ የመንገድ ትራፊክ የነበረው አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። «ቁሚ!» አላት፣ ምስኪኗ ጭቃ ላይ ተዘርራ ሳለ። ከዚያም በኮባ ቅጠል ላይ ቅጣት ጻፈባት፤ «ለመንገዱ ሁኔታ በማይመጥን ፍጥነት መጓዝ።»

«እኔ? ከተወለድኩ ጀምሮ ስሮጥ ያየኝ አለ?»

«የመንገድ ፈቃድሽ ይነጠቃል። ችሎት ነጻ ካላወጣሽ በቀር ከእንግዲህ የምትሄጂው በሸለቆው ነው።»

ሸለቆው የጅቦች ሰፈር ነው። በዚያ ገብቶ የወጣ አህያ አልታየም።

«ይህማ ሞት ነው! እከራከራለሁ» አለች።

«ተከራከሪያ!» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

እመት አህያ ከችሎቱ በፊት አንድ ነገር አደረገች። ጎረቤት በእጅህ ከተጎዳ፣ ጥፋቱ ያንተም ይሁን የሌላ፣ ዝም ብለህ አትቀመጥም፤ ወጉ ነው። ድንጋይ ተሸክማ በግ ደጃፍ ላይ ተንበረከከች። በግም በእንባ «ኧረ ስለ እኔ ስትይ ተነሺ!» ብላ አንስታ ሳመቻት። አቃቤ ሕጉ ቀበሮ ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ያይ ነበር። ምን ሥራ አለው!

ችሎቱ ተሰየመ።

«ጥፋተኛ ነሽ?» አለ አንበሳ።

«አይደለሁም ጌታዬ። የጣለኝ ጉድጓዱ ነው።»

በግ እያነከሰች ተነሳች። «እውነቷን ነው! የተጎዳሁት እኔ፣ ይቅር ያልኩትም እኔ! ሌላው ምን አገባው?»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ እዚያ ጉድጓድ የሚባል ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

ጅብ ስለተጠየቀ ደስ አለው። «እንዴታ ጌታዬ! በየቀኑ እሱ አጠገብ አይደል የምደበቀው? የሚወድቀው እንዳያመልጠኝ ብዬ!»

የአህያ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጻ የምትወጣ መስሏት ነበር፣ አይ የዋህ!

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጌታዬ፣ ጅብ እንኳ የሚያውቀውን ጉድጓድ እሷ ሳታውቀው ትቀራለች? እያወቀች ከገባችማ ጥፋቷ እጥፍ ነው። ደግሞስ ንጹሕ የሆነ ድንጋይ ይሸከማል? ትናንት በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።»

«እሱማ ለይቅርታ ነው! ለጎረቤቴ ክብር...»

«ተሸክመሻል ወይስ አልተሸከምሽም?»

እመት አህያ መዋሸት አታውቅም። «ተሸክሜያለሁ» አለች።

«እንግዲህ አመነች» አለ አንበሳ። «ከነገ ጀምሮ በሸለቆው ትሂድ።»

«ጌታዬ፣ በፈጠረዎት! መንገዱን አንዴ ብቻ መጥተው ይዩት!»

«በዚህ ጭቃ?» አለ አንበሳ። «ያዳልጠኛል እኮ።»

አንድም የሳቀ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ይግባኝ እላለሁ» አለች አህያ። «ለማን ነው የሚባለው?»

«ለእኔው ነው። ሐሙስ ቅረቢ። ፈቃድሽ ግን ተነጥቋልና የምትመጪው በሸለቆው በኩል ነው።»

አያ ጅቦ የቀረውን አልሰማም፤ ገና «ሸለቆ» ሲባል ወጥቶ ሄዷል።

ሐሙስ ደረሰ። «ይግባኝ ባይ እመት አህያ!» ተብሎ ተጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጠራ። ከታዳሚ የመጣችው እትዬ በግ ብቻ ነበረች፣ የተሰበረ እግሯን ዘርግታ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «ትንሽ ጠብቋት፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብላ ለመነች።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። የገባው አያ ጅቦ ነበር፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፉን እየላሰ።

«ይግባኝ ባይዋ ስላልቀረበች መዝገቡ ይዘጋልን» አለ ቀበሮ።

«ተዘግቷል» አለ አንበሳ። በግ ፊቷን በእግሮቿ መሃል ቀብራ አለቀሰች። ውጭ አሁንም ይዘንባል።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገዱን ማስጠገን የነበረበት ራሱ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት አገር፣ የወደቀ ሰው እውነትም ምስክርም ይዞ እንደማይተርፍ ነው።