በየደጃፉ የቆሙት

ተረት ልነግራችሁ ነው። እንሰማለን የምትሉ ቅረቡ። አንሰማም የምትሉም ቅረቡ፤ ውጭው ይበርዳል።

ድሮ ነው። እንስሳ ሲናገር፣ ቅል ሲናገር፣ መዝጊያ ሲናገር፣ ጉምም ሲናገር በነበረበት ዘመን አንድ ወጣት ድኩላ ከአገሩ ወጣ። ለምን እንደወጣ አልዘረዝርም። ምንጩ ደርቆ ነበር ካልኩ ይበቃል። የወጣ ያውቀዋል።

ሲወጣ እናቱ ከቀንዱ ላይ የውሃ ቅል አንጠለጠለችለት። ቅሉ አሮጌ ነው። በዚያ ቤት ስንቱን ያሳደገ ስለሆነ ምክር ያውቃል። ዝም ማለት ግን አያውቅም።

"የጨዋ ልጅ መሆንህን እንዳትረሳ" አለው ቅሉ፣ ገና ከመንደሩ ሳይርቁ። "የሰው ቤት ደርሰህ ብላ ሲሉህ ዘለህ እንዳትበላ። መጀመሪያ ሲሉህ ጠግቤያለሁ በል። ሁለተኛ ሲሉህ ይቅርብኝ በል። ሦስተኛ በሞቴ ሲሉህ፣ ያኔ ቀስ ብለህ ቁረስ።"

"አውቃለሁ" አለ ድኩላው። "ያደግሁበት ነው።"

"አውቃለሁ የሚል ነው የሚያዋርደን" አለ ቅሉ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ደረሱ። ማዶው አይታይም። መንገደኛ የሚያሻግር ሽማግሌ ጉማሬ ነበረ፤ ድኩላውን በጀርባው ተሸክሞ ዋኘ። መሃል ላይ ሲደርሱ ተናገረ።

"አዲስ ነህ?"

"አዎ፣ አያ ጉማሬ።"

"እንግዲያው ስማኝ። በማዶ ዝናቡ ሲያበቃ ከተራራው ጉም ይወርዳል። ያኔ እሳት ዳር ያልተቀመጠ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፊት ወዳጅ አብጅ። አንድ ወዳጅ፣ አንድ ምድጃ። ብዙ አያስፈልግህም።"

የድኩላው ጆሮዎች ቆሙ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

"ሌላም ነገር አለ። ከዚህ የሚበልጥ። ልንገርህ?"

ድኩላው ለመስማት ጓጓ። ግን ሽማግሌ ማስቸገር ነውር መሰለው። "ኧረ አይድከሙ፤ ይህም በዝቷል" አለ።

"እሺ" አለ ጉማሬው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ማዶ አወረደውና ወደ ውሃው ተመለሰ።

"አልደገመልህም!" አለ ቅሉ። "ምን ዓይነት ባለጌ ነው?"

ማዶው ጸጥ ያለ አገር ነበር። ወፍ አይጮህበትም። ሣሩ ጥቁር ነው፤ ቢያላምጡት እንደ አመድ ይበተናል እንጂ ሆድ አይሞላም። የሚበላ ያለው በየቤቱ ምድጃ ላይ ብቻ ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ መዝጊያቸው ወፍራም። በየደጃፉም ድንጋይ ቆሟል። አንዱ ደጃፍ ላይ አንድ፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ብዙ። ሁሉም ወደ በሩ ዞረዋል። ሁሉም ከላይ ትንሽ ጎንበስ ብለዋል።

"አጥር ይሆናል" አለ ድኩላው።



መጀመሪያ ከእመት ከርከሮ ቤት ደረሱ። እመት ከርከሮ ጎደሬ ቀቅላ ከልጆቿ ጋር ልትበላ ተቀምጣለች። ድኩላውን በበሩ አየችው።

"አንተ ቀጭኑ! ግባና ብላ!"

የድኩላው ሆድ ጮኸ። አፉ ግን "አይ፣ እመት ከርከሮ፣ ጠግቤያለሁ። ገና አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" አለ።

"እሺ" አለች። በሩንም ዘጋችው።

ድኩላው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የጎደሬው ሽታ በበሩ ስር ይወጣል። ልጆቹ ሲሻሙ፣ እናታቸው ስትቆጣ ይሰማል።

"ትመለሳለች" አለ ቅሉ። "ሳትለምንህ ምግቡ እንዴት ይወርድላታል?"

አልተመለሰችም። በማግስቱ ሥር ልትቆፍር ስትወጣ እዚያው ቆሞ አገኘችው።

"እዚህ ነህ እንዴ? የጠገበ ሰው እንዲህ ነው፤ የትም ቢቆም አይጨንቀው" አለችና በደስታ አልፋው ሄደች።

ያን ቀን ድኩላውን አልራበውም። ትናንት ሆዱን ሲቆርጠው የነበረው ረሃብ የለም። ከቅሉ ውሃ ጠጣ፤ ጣዕም አጣበት። ምላሱን ነከሰ፤ አላመመውም። በዚያ አገር ምድሩም ቃል ይሰማል። ጠግቤያለሁ ያለውን፣ እሺ ይለዋል።

ሁለተኛ ከጉሬዛዎች ግቢ ደረሱ። ወንድማማቾቹ ጉሬዛዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ።

"ጠጠር ሰረቅህ!"

"ዓይንህ ይጥፋ! የት አየኸኝ?"

"ይኸው ጉንጭህ ውስጥ ነው፣ ክፈተው!"

ድኩላው በአገሩ በገበጣ የሚስተካከለው አልነበረም። አንገቱን አስግጎ አየ። ትንሹ ጉሬዛ ቀና አለ።

"አንተ ቀንዳም! ና ተቀመጥ፤ ከዚህ ሌባ ጋር መጫወት ሰለቸኝ።"

"አይ፣ እናንተ ተጫወቱ። እኔ እዚሁ ይመቸኛል" አለ ድኩላው።

"እሺ" አሉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ድኩላው ከግቢው ዳር ቆመ። እንደገና እስኪጠሩት ጠበቀ። እነሱ ሳቁ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ።

"ለምን አይመጣም?" አለ ትንሹ ጉሬዛ። "ኩሩ ነው እንዴ?"

"ይመቸኛል አለ እኮ" አለ ታላቁ። "የተመቸውን ምን ብለህ ትነቀንቀዋለህ?"

ጨዋታው አልቆ ገቡ። ድኩላው መሄድ ፈለገ። እግሩ አልነሳ አለው። ሰኮናዎቹን መሬት ይዟቸዋል። አንድ በአንድ ሲነቅላቸው ሥር የሚበጠስ ድምፅ ተሰማ።

ሦስተኛ ከአባ ጃርት ቤት ደረሱ። ዝናቡ አብቅቶ ነፋሱ ይጋረፋል። የድኩላው እግሮች ይንቀጠቀጣሉ። አባ ጃርት እንጨት ሊያስገባ ሲወጣ አየው።

"ብርድ ነው። እሳት አለኝ። ግባ" አለው።

"አይ፣ አባ ጃርት፣ አልበረደኝም። ምን ላስቸግርዎ ብዬ?"

"እግርህ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"እሱ... ልማዱ ነው።"

አባ ጃርት እንጨቱን አነሳ። "እኛ አገር የምንሰማው አፍን ነው" አለ። "እግርን ብንሰማ ኖሮ ይህ ደጃፍ ባዶ ይሆን ነበር።" ገባና ዘጋው።

ወዲያው የድኩላው እግሮች መንቀጥቀጥ አቆሙ። ነፋሱ በፀጉሩ ውስጥ ያልፋል፤ ግን አይሰማውም። ያኔ አጠገቡ የቆመውን ድንጋይ ልብ ብሎ አየው። ድንጋዩ ጆሮ አለው። እንደ ፍየል ጆሮ የወረደ። ከአንገቱ ላይ ቅል ተንጠልጥሏል። ቅሉም ድንጋይ ነው።

"ከዚህ እንሂድ" አለ የድኩላው ቅል። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"ወዴት?"



ጉሙ የወረደው በቀትር ነው። ፀሐይዋ ነጣች፣ ከዚያ ጠፋች። በመንደሩ መዝጊያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። ጉሙ እንደ ጎርፍ አልመጣም። እንደ እንግዳ ነው የመጣው፤ ቀስ ብሎ፣ ኮቴ ሳያሰማ። ድኩላው ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

"ወንድሜ፣ ግባ" አለው።

"አይ፣ አላስቸግርህም" አለ ድኩላው።

"ምን ማለትህ ነው? ግባ እንጂ!"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ።"

"ኧረ በሞቴ! ኧረ አፈር ስሆን!"

 ወንዙን ከተሻገረ ወዲህ እንዲህ ያለው ማንም አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ይኸውልህ!" አለ ቅሉ። "አላልኩህም? ጨዋ ጨርሶ አይጠፋም። ግባ፣ ልጄ፣ ግባ።"

ድኩላው አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ነጩ ጉም ሰደደ። እግሩ ጠፋ። አልበረደውም፣ አልሞቀውም። እግር እንዳልነበረው ሆነ።

"አነጋገርህ የአገሬ ነው" አለ። "ወንዙን ተሻግረህ ታውቃለህ?"

"እኔ? ከዚህ ተራራ ርቄ አላውቅም" አለ ጉሙ። "ከእነዚህ ነው የተማርኩት። በየደጃፉ ቆመው ሲጠብቁ በልባቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። አሁንም ይላሉ። ጆሮህን አስጠጋ።"

ድኩላው ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ። ከውስጥ፣ ከጥልቅ፣ ቀጭን ድምፅ ይመጣል።

"አንድ ጊዜ ጠርተውኛል። ሁለተኛው ነው የቀረው። አሁን ይመጣሉ። አሁን ይመጣሉ።"

ጉማሬው ሊነግረው የነበረው ነገር ያኔ ገባው። በዚህ አገር ማንም ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ክፋት አይደለም። ያልከውን ያምኑሃል፤ ሌላ ነገር የለውም። በየደጃፉ የቆሙት ሁሉ ወንዙን ተሻግረው የመጡ ነበሩ። ሁሉም ተጠርተው ነበር። ሁሉም ተግደርድረው ነበር።

እግሩን ከጉሙ ውስጥ ነቀለ።

"ተቀየምከኝ?" አለ ጉሙ በለሰለሰ ድምፅ። "ምን አጠፋሁ? በሞቴ፣ ወንድሜ።"

ድኩላው ወደ አባ ጃርት በር ተጎትቶ ሄደ። በቀንዱ አንኳኳ። ወፍራሙ መዝጊያ ተናገረ።

"ምን ፈለግህ?"

"ምንም" አለ ድኩላው። አፉ ነው ያለው፣ እንደለመደው። "ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው።"

"ሰላም" አለ መዝጊያው።

ጉሙ ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ድኩላው ደግሞ አንኳኳ።

"ምን ፈለግህ?"

"እንዲያው... ካላስቸገርኩ... ሌላ ጊዜም ይሆናል።"

"ሌላ ጊዜ ይሁን" አለ መዝጊያው።

ጉሙ ሆዱ ጋ ደረሰ። ከዚያ በታች ያለው አካሉ የእሱ አልነበረም። ቅሉ ይጮሃል።

"እንዳትለው! ርቦኛል ልትል ነው? የማን ልጅ ነው ይሉሃል? እናትህ ምን ትላለች?"

"ዝም በል" አለው ድኩላው። በዕድሜ ለሚበልጠው እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳ።

"ምን ፈለግህ?"

እውነቱን መናገር ነበረበት። ወንዙ እንዲህ አልከበደውም። አገሩን መተውም እንዲህ አልከበደውም። ጉሙ ደረቱ ላይ ነው።

"ርቦኛል" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "በርዶኛል። ብቻዬን ነኝ። ጠግቤያለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ይመቸኛል ያልኩትም ውሸት ነው። አስገቡኝ።"

መዝጊያው ተከፈተ። አባ ጃርት ቆሟል።

"ግባ" አለ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ድኩላው ገባ።

የበሩን ደፍ እንዳለፈ ረሃቡ በአንድ ጊዜ ተመለሰና መሬት ላይ ጣለው። ብርዱም ተመለሰ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ሁሉ ነገሩ አመመው። እያመመው ወደ እሳቱ ተሳበ። ትንሹ ጉሬዛ ጉሙ መንገድ ላይ ደርሶበት፣ ማንም ሳይጠራው እዚያው ገብቶ ምድጃ ዳር ተቀምጧል።

"ያ ኩሩው!" አለ።

"ኩሩ አይደለም፤ ውሸታም ነው" አለ አባ ጃርት። "በል ጎደሬውን አቀብለው።"

ትንሹ ጉሬዛ ትኩሱን ጎደሬ ገፋ አደረገለትና "ገበጣ ትችላለህ?" አለው።

እምብዛም አልችልም ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

"አሸንፍሃለሁ" አለ።

"እስቲ እናያለን! እኔ ጠጠር የምደብቅበት ቦታ ብዙ ነው!"

አባ ጃርት እሾሁ እስኪንጫጫ ሳቀ። ቅሉ ከቀንዱ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል። ማንም አልሰማውም።

ውጭ ጉሙ በሩን ታከከ። "ወንድሜ" አለ። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ የድኩላው እናት ድምፅ ነበር። "ልጄ፣ በሞቴ፣ ውጣልኝ" አለ።

የድኩላው አፍ ጎደሬ ሞልቶ ነበር። አልመለሰም።

በሰው አገር ያላችሁ፣ ነገም የምትሄዱ፣ ይህን ያዙ። ሲጠሯችሁ ግቡ። ካልጠሯችሁ አንኳኩ። ርቦኛል ማለት ለጊዜው ፊት ያቀላል፤ ጠግቤያለሁ ብሎ ደጃፍ ላይ መቆም ግን ድንጋይ አድርጎ ያስቀራል።

ተረቴ አለቀ። የሚበላ ያላችሁ አቅርቡ፤ እኔ ሁለቴ አላስለምንም።