ከኋላ የቆመው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ሩቅ ባልሆነ ዘመን፣ ደሴ ከተማ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ነበሩ። ተማሪዎች ሳሉ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ያነቡ ነበር። ሲያድጉ የራሳቸውን የሥዕል ታሪክ እያሳተሙ በየወሩ መሸጥ ጀመሩ። መንበሩ ታሪኩን ይደርሳል። ፈንታው ይሥላል። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ በሥዕሉ ካሉት ሰዎች አፍ አጠገብ በሚሣሉት ክቦች ውስጥ ንግግራቸውን በእጇ ትጽፋለች። አራተኛው አስናቀ ይባላል። መድረስም መሣልም አይችልም፤ ኮምቦልቻ ካለው ማተሚያ ቤት እትሙን ያመጣል፣ እየዞረ ይሸጣል፣ ሦስቱ ሲጣሉ ያስታርቃል።

ታሪኩ ክንዱ ላይ ነጎድጓድ ስለሚይዝ ናሁ ስለሚባል ወጣት ነበር። ጀግና ያለ ጓደኛ አይሆንምና መንበሩ አንድ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርግ ልጅ ፈጠረለት፤ ስሙንም ዱባ አለው። ፈንታው የዱባን ፊት የአስናቀን ፊት አድርጎ ሣለው። አስናቀ ሥዕሉን አገላብጦ አየና፣ «ነጎድጓዱን ለእሱ፣ ቦርጩን ለእኔ። ጥሩ አካፈላችሁን» አለ።

ሁለተኛውን እትም ይዞ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከተሳፋሪዎቹ የሞተው እሱ ብቻ ነበር።

አስናቀ ለእናቱ ለእትዬ ማንጠግቦሽ አንድ ልጅ ነበር። በቀብሩ ዕለት ገና ቤተ ክርስቲያን ሳይደርሱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ቤት መለሳቸው። አፈር ሲለብስ አላዩም። ከዚያም በኋላ አላለቀሱም። ሰልስቱም አርባውም ሲወጣ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ሊያጽናና የመጣውን ሰው፣ ቆይ አሁን ይመጣል፣ ይሉት ነበር።

ሦስተኛው እትም ሲወጣ ጓደኞቹ ይዘውላቸው ሄዱ። እትዬ ማንጠግቦሽ ማንበብ አይችሉም። ዱባን አዩት፤ በኮፍያው ላይ ጣታቸውን አሳለፉና በቀስታ ደህና መሆኑን ጠየቁት። መንበሩ ይህን አየ። እኛ እያለን ዱባ አይጠፋም፣ በየወሩ ያዩታል፣ ብሎ ቃል ገባላቸው።

ማንጋ እያነበበ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ቃል መግባት አልነበረበትም። ረጅም ታሪክ የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ ላይ ጀግናውና ጓደኛው ጎን ለጎን ይዋጋሉ። ጀግናው ሲበረታ ጠላቱም መበርታት ግድ ይሆንበታል፤ ጠላት በበረታ ቁጥር ጓደኛው አይመጥንም። መጀመሪያ ይቆስላል። ቀጥሎ ቁስለኛ የሚያነሣ ይሆናል። ከዚያ ዳር ቆሞ አፉን ከፍቶ መገረም ብቻ ሥራው ይሆናል። በመጨረሻ ከእሱ አሳምሮ የሚገረም ሌላ ሰው ይመጣል።

ጓደኛሞቹ እንደ ጃፓኖቹ በየዓመቱ በቴሌግራም የአንባቢን ድምፅ ይሰበስቡ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ዱባ ከናሁ ቀጥሎ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መንበሩ ካሳ የሚባል ጠባሳ ያለበት ዝምተኛ ተቀናቃኝ አመጣ፤ ልጃገረዶቹ በሙሉ ወደ ካሳ ሄዱ። ዱባ ወረደ። እንደገና ወረደ። አንድ ዓመት ናሁ ከሚጋልባት በቅሎ በታች ሆነ። አንድ አንባቢ፣ «ዱባው ገና አለ እንዴ? እኔ የተቀቀለ መስሎኝ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰው ሳቀበት። ገዢው እየመረጠ ነበር፤ ሽያጭ ወርዶ ታሪኩ እንዲቆም ደግሞ የፈለገ አልነበረም። መንበሩ ዱባን ከፊት ገጽ ወደ ዳር፣ ከዳርም ወደ ኋላ መለሰው፤ በኋላም ጭራሽ መጥራቱን ተወ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ስለ ድምፅ የሚያውቁት ነገር የለም። የሚያውቁት ልጃቸው ማነሱን ነው። አንድ ቀን ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉና፣

«ምን በደላችሁ?» አሉ። «ፊት የነበረ ልጅ ነው። ለምን ከኋላ አቆማችሁት?»

 ከዚያ ቀን በኋላ ሦስቱም የየራሳቸውን አደረጉ።

ፈንታው ንግግር አይሆንለትም። መንበሩ ዱባን ባይጠራውም እሱ ሣለው። ገበያ ሲሣል፣ ኮፍያውን የገለበጠ አንድ ልጅ በጥግ ቆሞ ቲማቲም ይመርጣል። ጦርነት ሲሣል፣ ከግንብ ኋላ ክብ ፊት ብቅ ይላል። ናሁ በሠራዊት ፊት ሲሾም ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ያዛጋል። መንበሩ ተቆጣ፤ ደራሲው እኔ ሆኜ ያልጠራሁትን ሰው ማን አመጣው፣ አለ። ፈንታው፣ «ሳይጠራ የሚመጣ ልጅ ነበር» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እነዚያን ጥቃቅን ፊቶች ሲሥል ዓይኑ ደከመ፤ ዛሬ ያለ ወፍራም መነጽር ሰው አይለይም። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን የወር መባቻ በመጣ ቁጥር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ልጃቸውን ሲፈልጉ ይውላሉ፤ ሲያገኙት በሕፃንነቱ ተደብቆባቸው እንዳገኙት ሁሉ ይስቃሉ። የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው። ፈንታው የሰጣቸው ይህንን ነው።

መንበሩ የዚያኑ ሣቅ ሌላ ፊት አየ። እትዬ ማንጠግቦሽ እየሳቁ ይጠብቁ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ለልጃቸው ድርሻ ያነሡለታል፤ የውጭውን በር አይቀረቅሩም፤ የወንድማቸው ልጅ ስታገባ አስናቀ ሳይመጣ አልሄድም ብለው ቀሩ። መንበሩ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ አንድ ሙሉ እትም ለዱባ ብቻ ጻፈ። ናሁ ቆስሏል፣ ካሳ ርቋል፣ የመንደሩ ሰው በድልድይ እየሸሸ ነው። ነጎድጓድ የሌለው ዱባ የተነቀለ በር እንደ ጋሻ ይዞ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ሕዝቡ ተሻገረ። እሱ አልተሻገረም። ፈንታው ጽሑፉን አንብቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ሁለቴ ልትገድለው ነው?»

«ለእሳቸው አንዴም አልሞተ» አለ መንበሩ።

ፈንታው ሣለው፤ የሞተውን ፊት ግን አልሥልም ብሎ ከጀርባው ሣለው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። ዛሬ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ቆመ። አንባቢው መንበሩን ረገመው፤ ዱባን ግን በዚያ ዓመት አንደኛ አደረገው። ሲሳለቁበት የነበሩት ሁሉ ስልካቸው ላይ ፎቶውን ለጠፉ። ሰው ከኋላው የነበረውን የሚያየው ሲሄድበት ነው መሰለኝ።

እትሙን ለእናቱ የወሰደው ራሱ መንበሩ ነው። ፊታቸው ተቀምጦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበላቸው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ በጥፊ መቱት። ማንበቡን አላቆመም። የመጨረሻዋን ቃል ሲያነብላቸው ግን እትዬ ማንጠግቦሽ አለቀሱ። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዕድሩ ድንኳን ልትከል ወይ እስኪል ድረስ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ መቃብሩን አሳዩኝ ብለው ሄዱ። የማዕድ ድርሻ ማንሣቱንም ተዉ። የወር መባቻም ለእሳቸው እንደማንኛውም ቀን ሆነ። መንበሩ የሰጣቸው ልቅሶውን ነው፤ የወሰደባቸውም አለ።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

በሌላ ሰው ስም ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ እስከዚህ ድረስም «ሦስተኛዋ» እያልኩ መጣሁ። ከዚህ በኋላ ግን «እሷ» እያልኩ ልዋሽ አልችልም። ስሜ ውባለም ነው። አሁን መምህር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ፊት ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ስጽፍ ግን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ዘግቻለሁ።

እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። ፈንታው ከሕዝብ መካከል ለደበቀው ልጅ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አንዲት ትንሽ ክብ እየሠራሁ ቃል ሰጠሁት። ቃሉን ግን አልፈጠርሁትም። ከግንብ ኋላ ብቅ ሲል፣ «እኔ አልፈራሁም፤ የፈራው ጉልበቴ ነው» አለ። ለእትዬ ማንጠግቦሽ በየወሩ የማነብላቸው እኔ ነበርኩና ይህችን ሳነብ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ የእሱ አፍ ነው። የት ሰማሽው?»

«ፈጠርኩት እትዬ» አልኩ።

አስናቀ፣ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳሉ፣ በጓሮ አጥር በኩል ሊያናግረኝ መጥቶ ያለኝ ነው።

አዎ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ በፍቅር ነበርን፤ ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ የለመንሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ስሜን ከወንድ ስም ጋር ሲጠራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። አስናቀ በዚህ ይቀልድብኝ ነበር እንጂ አልተቀየመኝም። ከኮምቦልቻ እንደተመለስኩ በመጪው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ። ለሽማግሌዎቹም ገና አልነገረም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ በሄደበት ጠዋት መነኻሪያው ድረስ ልሸኘው ሄጄ፣ የሰፈር ሰው አይቼ ፊቴን በነጠላ ስሸፍን፣ «አንቺ ሂጂ። ወደ ኋላ አትዪ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ» አለኝ። ሄድኩ። ወደ ኋላ አላየሁም።

መንበሩ ለዱባ የመጨረሻ ንግግር ስለ አገርና ስለ ጀግንነት ረጅም ነገር ጽፎለት ነበር። አልጻፍኩለትም። በቦታው፣ «ሂዱ። ወደ ኋላ አትዩ፤ እኔ ከኋላችሁ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። መንበሩ ታትሞ ሲያየው ረጅሙ ንግግር ክቡ ውስጥ አልገባ ብሏት ነው ብሎ አሰበ፤ እኔ ከጻፍኩትም ይሻላል አለና ተወው። ዛሬ ያቺን ቃል በባጃጅ ጀርባ ተጽፋ አያታለሁ። እናቱ ያለቀሱት እሷን ሲሰሙ ነው።

እኔ የሰጠኋቸው ድምፁን ነው። የነፈግኋቸውም አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ በልቅሶአቸው መካከል አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ልጄ ሳይታጭ፣ ሴት አማረችኝ ሳይል፣ አንዲት የምታለቅስለት ኮረዳ ሳትኖረው ሄደ፣ ይላሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነጠላቸውን አቃናላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሦስታችንን አስጠሩን። እግራቸው ከአልጋ አያወርዳቸውም።

«ስሞት ልጇ ነው የሚባል ሰው ከሬሣዬ ፊት ይቁም» አሉ። «ከሦስታችሁ አንዱን የጡት ልጅ አደርጋለሁ። የወለድሁት አንድ ነው፤ የማጠባውም አንድ ነው። ለማን እንደሚገባ እናንተ ተነጋግራችሁ ንገሩኝ። እኔ መርጬ ሁለቱን አላስከፋም።»

ሥርዓቱን የማያውቅ ካለ፦ በንስሐ አባትና በሽማግሌ ፊት እናቲቱ ጡቷን ማር ትቀባለች፤ የተመረጠው ከንፈሩን ያስነካል፤ ቃል ይገባል። ከዚያ ወዲያ ከማሕፀን የወጣ ነው። ሟቿ ሟቹ ነው፤ ወንድሟ አጎቱ ነው፤ ልጇ ወንድሙ ነው። ከቤቱ ሰው ጋር ጋብቻ አይነሣም።

ከእትዬ ቤት ወጥተን መንገድ ዳር ቆምን። መንበሩ ለፈንታው ይገባል አለ፤ ዓመታት ሙሉ ልጃቸውን በሕይወት ያቆየላቸው እሱ ነው፣ እኔ የገደልኩ ሰው ምን አፍ አለኝ ብሎ። ፈንታው ደግሞ ለመንበሩ ይገባል አለ፤ እኔ ስደብቅባቸው ኖርሁ፣ አውጥቶ ያስለቀሳቸውና የቀበረላቸው እሱ ነው፣ ልጅ ማለት የሚቀብር ነው ብሎ። ተከራከሩ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነበር። በመጨረሻ ፈንታው መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን ውባለም አትሆንም? ለእናት ሴት ልጅ ትሻላለች። እሷም ብትሆን አላስከፋችም፣ አልገደለች፣ አልደበቀች።»

«እውነት ነው» አለ መንበሩ። «ውቤ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ጫማዬን አየሁ። እሑድ እነግራችኋለሁ አልኩና ሄድኩ።

ማሩ ከንፈሬን ከነካ አስናቀ ወንድሜ ይሆናል፤ ሊላኩ የነበሩት ሽማግሌዎች ወደ እህቱ ሊላኩ ኖሯል ማለት ነው። እምቢ ካልኩ ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ብናገር የሚመሰክርልኝ የለም፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። ለሙት የሚታጭበት ሥርዓትም የለንም። ዝም ካልኩ ደግሞ እናቱ፣ የምታለቅስለት ኮረዳ አልነበረችውም እንዳሉ፣ ይሞታሉ፤ እኔም ራስጌያቸው ቆሜ አብሬ አለቅሳለሁ።

መልሱ ለእሑድ ነው። እናንተ ሦስታችንንም ሰምታችኋል፤ እኔ ለራሴ መፍረድ አልቻልኩም። ፈንታው ልጁን አቆየላቸው። መንበሩ ልጁን ቀበረላቸው። እኔ ድምፁን መለስሁላቸው፣ ልቡን ግን ደበቅሁባቸው። ለእኔ ነው የምትሉ ካላችሁ ከዚያ ወዲያ አስናቀን ምን ብዬ እንደምጠራው ጨምራችሁ ንገሩኝ። ማሩ ለማን ይገባል?