ራሷን የካደችው መኪና

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ከፍታችኋል፤ ዝጉት። የዛሬው ተረት ላም የለበትም፣ መኪና ነው ያለበት። ያን ጊዜ እንስሳው ያወራ ነበር፣ ዕቃው ያወራ ነበር፣ መኪናም ያለ ሾፌር ወጥታ ትገባ ነበር። «እንዴት ሆኖ?» የሚል ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ይሂድልኝ።

አንዲት ጀርባዋ ክብ፣ ዓይኗ ክብ፣ ሁለመናዋ ክብ የሆነ አሮጌ መኪና ነበረች። ቀለሟ እርጎ ነው፤ ስሟ ድንቡሼ። ከወንዝ ወዲህ ባለች ከተማ፣ ከዋርካ ሥር ትኖራለች። ከወንዙ ወዲያ ደግሞ እትዬ የሻረግ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። እትዬ የሻረግ ሙሽራ ሆነው ከእናታቸው ቤት የወጡት በድንቡሼ ነው። ያን ዕለት እጃቸው ላይ ያለው እንሶስላ ገና አልደረቀም ነበርና ወንበሯን ሲደገፉ መዳፋቸው ታትሞ ቀረ። ቀይ መዳፍ፣ አምስት ጣት። ቢያጥቡት ቢያጥቡት አልለቅ አለ።

ጊዜው ደርሶ ልጃቸው አገርነሽ ልትዳር ሆነ። እትዬ የሻረግ ለድንቡሼ ላኩባት፦ «የዛሬ ወር ልጄን የምትወስጂልኝ አንቺ ነሽ። መዳፏን ከመዳፌ ጎን ታትማለች። ሌላ መኪና ደጄን አይረግጥም።»

ድንቡሼ ደስታዋን አልቻለችውም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት ነጭ አዲስ መኪና ከተማ ገባች። ዝቅ ያለች፣ መስታወቷ የጠቆረ፣ ስታልፍ ምድር የምታንቀጠቅጥ። ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ድንቡሼ በኩሬ ውኃ መልኳን አየችና «ወይ ጉዴ! በዚህ መልኬ ነው ሙሽራ የምወስደው?» አለች።

ይኼን ስትሰማ እመት ጦጢት ከዋርካው ላይ ዱብ። ጦጢት ጋራዥ አላት፤ ምን ትሠሪያለሽ ቢሏት ሁሉንም የምትል ናት። «እኔ እያለሁልሽ! ዋጋም አልልሽ፤ ከላይሽ የሚወርደውን አሮጌ ዕቃ ብቻ ተይልኝ።»

ከዋርካው ሥር የሚያርፍ አህያ ነበር፣ የድንቡሼ የዱሮ ወዳጅ። «ተይ አንቺ!» አላት። «ፍሬንሽ ሲያልቅ ቀየርሽ፣ ጎማሽ ሲያልቅ ቀየርሽ፤ ማን ምን አለሽ? ይኼ ግን ሌላ ነው። እኔንስ በጆሮዬ ስንቱ ይስቅብኝ የለ? ብቆርጠው ፈረስ ልሆን ነው? ጆሮ የሌለው አህያ ነው የምሆነው!»

«አያ አህዮ፣ ደግሞ አንተ ስለ መልክ ምን ታውቃለህ?» አለችው። አያችሁ ክፉ አፍ! እሱም ሣሩን መጋጡን ቀጠለ።

በመጀመሪያው ቀን ጦጢት ከፍ አድርገው የያዟትን ሞላዎቿን ቆረጠች። የድንቡሼ ሆድ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀረው። «አማረብኝ?» «እንዴታ! ግን ድምፅሽ ይቀራል።»

በሁለተኛው ቀን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አወለቀች። ሕፃን እንኳ ከሩቅ የሚለየው «ቱፍ ቱፍ» ጠፋ፤ ድንቡሼ እንደ አንበሳ አገሳች። «አማረብኝ?» «እንዴታ! ግን መልክሽ ይቀራል።»

በሦስተኛው ቀን እርጎ ቀለሟን ፍቃ ወይን ጠጅ ቀባቻት። ክብ ዓይኖቿን ነቅላ ቀጫጭን ዓይን ገጠመችላት። ቀጥላ እጇን ወደ ወንበሩ ሰደደች።

ድንቡሼ ደነገጠች። «ወንበሩንስ ተይው፤ አደራ አለበት።»

«ይኼ እድፍ?» ጦጢት ሳቀች። «ሙሽራ በነጭ ቀሚሷ እድፍ ላይ ትቀመጥ?»

ድንቡሼ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ያቺ ነጭ መኪና በዚያው አፍታ ውልብ ብላ አለፈች። ድንቡሼ አፏን ዘጋች፤ ወንበሩም ተነቀለ።

የሰርጉ ዕለት ደረሰ። ድንቡሼ ወንዙ መሐል ስትደርስ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ከኋላ ገፍቶ ያወጣት ተከትሏት የመጣው ያው አህያ ነው። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እያገሳች እትዬ የሻረግ ደጅ ደረሰች። የሚዜዎቹ በቅሎዎች ደነበሩ፣ ከበሮው ቆመ፣ ዘፈኑ ተቋረጠ። እትዬ የሻረግ በትራቸውን ተመርኩዘው ወጡ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እኅት ዓለም? እንግዳ ነሽ መሰል። በመንገድሽ ድንቡሼ የምትባል መኪና አላየሽም?»

ድንቡሼ አፍራ «አላየሁም» አለች።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። «ወንዙ ላይ ክፉ ነገር አግኝቷት ይሆን?» አሉ እትዬ የሻረግ። «እሷ ቃሏን አታጥፍም። እኅት ዓለም፣ ድምፅዋንስ አልሰማሽም? ቱፍ ቱፍ ነው የምትለው።»

«አልሰማሁም።»

ሚዜዎቹ አጉረመረሙ። «እማማ፣ ይቺ መኪና ቆማ የለ? በሷ እንሂድና ይብቃን!»

«አይሆንም!» አሉ። «ድንቡሼ ትመጣለች ብያለሁ፣ ትመጣለች።» ከዚያ ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኅት ዓለም፣ አንቺ ፈጣን ነሽ፤ በእግዜር ይሁንብሽ፣ ተመልሰሽ ፈልጊልኝ። ካገኘሻት፣ የሻረግ ለመዘግየትሽ አልተቀየመችም በያት።»

ከዚህ በኋላ መካድ ከየት ይመጣል? ድንቡሼ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«እትዬ የሻረግ» አለች። «እኔ ነኝ።»

እትዬ የሻረግ በሩን ከፍተው ወንበሩን ዳበሱት። ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። ሙሽራይቱ እንሶስላ የሞቀ እጇን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

«መዳፌ የት አለ?»

«ጦጢት ወሰደችው።»

«ወሰደችው ወይስ ሰጠሻት?»

«ሰጠኋት» አለች ድንቡሼ። «አርጅቼ እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።»

እትዬ የሻረግ ትክ ብለው አዩዋት። «እኔ ደግሞ እንዳረጀሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩሽ። ይኸው እኔስ አርጅቼ የለ? በእኔም ታፍሪብኝ ነበር ማለት ነዋ?»



አገርነሽ በበቅሎ ተቀምጣ ሄደች። ሰዉ እየዘፈነ ሸኛት። ድንቡሼ ግን አህያው ወደ ዋርካው ስለተመለሰ፣ ወንዙንም ብቻዋን መሻገር ስለማትችል ካሳፈረቻቸው ሴት ደጅ ላይ ቀረች፤ ሂጂ ያላት የለም፣ ግቢም ያላት የለም። ሲነጋ እትዬ የሻረግ በባልዲ ውኃ ይዘው ወጡ፤ ጎንበስ ብለው የወንዙን ጭቃ ከሆዷ ላይ አጠቡላት። ድንቡሼ የባሰ ያፈረችው ያኔ ነው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ልብ ያለው ይስማ። የታደሰ ቤት ባለቤቱን ያስገባል፤ የተለወጠ ቤት ባለቤቱን ደጅ ያስጠናል።