ጫኔና አንጓች የገዙት ሜዳ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንስሳ ሲናገር፣ ድንጋይም ሲመልስ በነበረበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ጫኔ የሚባል አህያና አንጓች የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከበረሃ ወደ ደጋ ጨው ሲጭኑ ኖረዋል። ጀርባቸው ተልጦ ጉልበታቸው ሲዝል አንድ ነገር ብቻ ተመኙ፤ ማንም «ተነሡ» የማይላቸው የራሳቸው መሬት።

ይህን ቀበሮ ሰማ።

«አያ ጫኔ፣ በበረሃው ተራሮች መሐል መሬት አለኝ። ሁለት ዓመት ጨዌን ጫኑልኝና ውሰዱት» አላቸው።

ሁለት ዓመት ጫኑለት። ከዚያም በበጋ ወስዶ አሳያቸው። በሁለት ጥቁር ተራሮች መካከል ለጥ ያለ ነጭ አሸዋ ነው። ዙሪያው ገደልና ስለታም ድንጋይ ሲሆን፣ ይህ ብቻ ለተላጠ ጀርባ ይመቻል። ቀበሮ ውሉን በብራና ጽፎ፣ መዳፉን አትሞበት ሰጥቷቸው ሄደ።

ጫኔ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። «አንጓች፣ የእኛ ነው! የእኛ!»

ከጎኑ ያለ ድንጋይ ተናገረ። «አያ ጫኔ፣ እስቲ እየኝ። የተራራው ድንጋይ ሁሉ ስለታም ነው፤ እኔ ግን እንደ እንቁላል ክብ ነኝ። ውሃ ነው እያንከባለለ እንዲህ ያደረገኝ። እዚህ አትተኛ።»

«የምን ውሃ? ምላሴን የማረጥብበት ጠብታ እንኳ የለም» አለ ጫኔ።

አሸዋው መሐል የቆመ አንድ ግራርም ተናገረ። «አያ ጫኔ፣ ቀና በል። ጫፌ ላይ የተሰካውን ጭራሮ አየኸው? ወፍ አላመጣውም። ውሃ ነው እዚያ ድረስ ወጥቶ የሰቀለው። እዚህ አትተኛ።»

«ምቀኛ! ብቻህን ልትኖርበት ነው» አለ ጫኔ።

በመጨረሻ አሸዋው ራሱ ተናገረ፤ ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። «እኔ ሜዳ አይደለሁም፤ ወንዝ ነኝ። ሦስት ዓመት ተኝቻለሁ። ስነቃ ማንንም አላውቅም።»

አንጓች ለመነችው። «ጫኔ፣ እባክህ ዳገቱ ላይ እንኑር። ድንጋዩ ቢወጋንም እንችለዋለን።»

«ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ለዳገት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

እሷ ዳገቱ ላይ፣ እሱ አሸዋው ላይ መኖር ጀመሩ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከሩቁ ተራራ ጀርባ ጉርምርምታ ተሰማ። ዝናቡ የዘነበው እዚያ ነበር።

«ጫኔ፣ ውጣ! ውጣ!» አለች አንጓች።

ጫኔ ብድግ ብሎ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ከግማሽ ላይ ብራናው ትዝ አለውና ተመለሰ። «ውሉን! ውሉን ላምጣ!»

ጎርፉ ዛፍና ቋጥኝ እያላተመ ደረሰ። አንጓች የጫኔን ጆሮዎች አየች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላየችም።

ውሃው በሦስተኛው ቀን ጎደለ። ወንዙን ተከትላ ወርዳ ባሏን ደለል ውስጥ አገኘችው። ብራናውን በጥርሱ እንደነከሰ ነው፤ ጽሑፉ ግን ታጥቦ ጠፍቷል።

እያለቀሰች ቀበሮ ደጅ ሄደች። «ባሌን ገደልከው» አለችው።

«እመት አንጓች፣ እግዜር ያጽናሽ» አለ ቀበሮ። «እኔ የሸጥኩላችሁ መሬቱን ነው፤ ውሃውን መች ሸጥኩ?»

አንጓች በማግስቱ ጨው ልትጭን ተመልሳ ጀርባዋን ለጭነት ሰጠች።

እኔ እንዲህ ሰማሁ፤ እናንተም እንዲሁ ንገሩ። መሬት የምትገዙ ሁሉ፣ ሻጩን አምናችሁ አትክፈሉ፤ አስቀድማችሁ እዚያ የኖሩትን ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁም ስሙ።